ሁለት ሰው የሚፈልግ ሥራ

«ፅጌ፣ ለጃብር ሻይ አምጪለት» እላለሁ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ፅጌረዳ ጋራዡ መሃል የጃብርን ታክሲ የኋላ ወንበር አውልቃ፣ እስከ ክርኗ የሚደርስ የጎማ ጓንት አጥልቃ ቆማለች። ዞር ብላ ታየኛለች። ጃብር ይስቃል። «እሷ ሻይ ስታመጣ ባትሪውን ማን ሊፈታው ነው? አንተ?»

ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ ኮሌጅ እየተመላለሰች በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደውን የሃይብሪድ መኪና የመጠገን ወረቀቷን ያገኘችው እሷ ናት። እኔ ያኔ «ቤንዚን የት ይሄዳል ብለሽ ነው?» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባላል። አስመራ ሙያውን ያስተማሩኝ አለቃዬ፣ የሥራው ዋና ቦታ ላይ ሲደርሱ ሲጋራ ግዛ ብለው ይልኩኝ ነበር። ስመለስ ሞተሩ ተነስቷል፤ እንዴት እንደተነሳ ግን አላየሁም። አብዛኛውን ሰርቄ ነው የተማርኩት። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ጋራዥ ስከፍት እኔም ያንኑ አደረግኩ። ፅጌረዳ ሰባት ዓመት ሻይ አመላልሳለች። ካወቀች ትሄዳለች ብዬ ፈርቼ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጃብር ዛሬ የመጣው ሊወስን ነው። አሥራ ስምንት ታክሲ አለው፤ ሁሉንም በሃይብሪድ እየለወጠ ነው። ይቺን አንዷን ዓይኑ እያየ ከሠራንለት ሁሉም እዚህ ይመጣሉ፤ ካልሆነ ሳን ሆዜ ሌላ ጋራዥ ይወስዳቸዋል። ወዳጅነት ሌላ ሥራ ሌላ ብሎኛል፤ ልክ ነው። ያለ እሱ ታክሲዎች ግን ይህ ጋራዥ ክረምቱን አይወጣም።

«ሻዩን እኔ አመጣለሁ» ብዬ ወደ በሩ እራመዳለሁ። እሷ ዋናው ቦታ ላይ ደርሳለችና መውጣት የኔ ተራ መስሎኛል።

«ጋሽ አንደማርያም፣ የት ይሄዳሉ?»

«ሥራሽን ሥሪ፣ ተይኝ።»

«ይሄ እኮ ለብቻ አይሠራም። ሃይ ቮልቴጅ ነው። ሌላ ሰው አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዱን ስቴፕ ማየት አለበት፤ ሩሉ ነው። ድንገት ኤሌክትሪኩ ከያዘኝ በዚህ ይጎትቱኛል።» ረጅም የፕላስቲክ መንጠቆ ትሰጠኛለች። «በእጅዎ ብቻ እንዳይነኩኝ።»

እጠጋለሁ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በዚህ ሙያ ጠጋ በልና እይ ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አፍሬአለሁ።

የምታደርገውን ጮክ ብላ እየተናገረች ትሠራለች። «አሁን ይሄን ኦሬንጅ ፕለግ እነቅላለሁ። እሱ ከወጣ ባትሪው ከመኪናው ይቆረጣል።» ዋናው ቦታ ይሄ መሆኑ ገባኝ። እንዳላይ ጀርባዋን ትሰጠኛለች ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ ግን ትከሻዋን ገለል አድርጋ መብራቱን ወደዚያው ታዞርልኛለች።

ፕለጉን ነቅላ መዳፌ ላይ ታስቀምጠዋለች። «ኪስዎ ይክተቱት። ሳላውቅ ሰው መልሶ ቢሰካው አለቀልኝ። ያምጡ እስክልዎ ለማንም እንዳይሰጡ።»

ቀኝ ኪሴ ከተትኩት፤ እጄንም ከዚያ አላወጣሁም።

ጃብር እጆቿን እየተከተለ ያያል። ከዚያ ከተቀመጠበት ተነስቶ ይመጣል። «በቃ፣ አይቻለሁ። ሰኞ ሁለት ታክሲ ይዤ እመጣለሁ፤ ሌሎቹም ይከተላሉ» ብሎ ሊጨብጠኝ እጁን ይዘረጋል።

ይህን እጅ ወር ሙሉ ስጠብቀው ነበር። ፅጌረዳ ሁለት እጇን ባትሪው ውስጥ ከትታለች። ግራዬ መንጠቆውን ይዟል፤ ቀኜ ኪሴ ውስጥ ነው።

«እስክትጨርስ ጠብቀኝ» እለዋለሁ፣ ዓይኔን ከእጆቿ ሳላነሳ።