የቅዳሜው ዙር

አራቱም ጓደኛሞች ሦስት ሦስቴ ቀመሱና ሹካቸውን አስቀመጡ። ኮሌጅ ከገቡ ጀምሮ ደንባቸው ይኸው ነበር፦ ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሚጎበኝ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት አንድ የማያውቁት ምግብ ቤት። ሁሉም የየራሱን ምግብ ያዝዛል፤ ሦስቴ ተቀምሶ «ዙር!» ሲባል ሳህኑ ወደ ቀኝ ያልፋል። «ዙር!» የምትለው ደግሞ አለቃ የሚሏት ጓደኛቸው ነበረች። ከቀበሯት ገና ወር አልሞላም።

«ኧረ አንዳችሁ ‹ዙር› በሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ!» አለ ቀጮ። ስሙ ቀጮ ይሁን እንጂ ምግብ ላይ ቀልድ አያውቅም። የአለቃ የልብ ጓደኛ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ቃሉ የአለቃ ነበር። እንደ ልማዷ ሳህኗን በሁለት እጇ ወደ ቀኝ ገፋች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ያኔ ነው ያየችው። የእሷ ሳህን በስተቀኟ ባዶ በተተወው የአለቃ ወንበር ፊት ቆሟል፤ ከወንበሩ ወዲያ የተቀመጠው ቀጮ ደግሞ የራሱን አሳልፎ ፊቱ ባዶ ቀርቷል። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር፤ አልዘረጋም።

አስተናጋጁ ጎንበስ አለ። «ይሄ የሚበላው ከሌለ ላንሳው?»

«ተወው፣ ወንድሜ» አለ ቀጮ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳይነቅል። «ገና ሦስቴ አልቀመሰችም።»