የቅዳሜዋ ጠያቂ

«ጀልባ ሲሰምጥ ‹ሳንክ› ነው የሚባለው ወይስ ‹ድራውንድ›?» አለችው ሴትዮዋ፣ ደብተሯን በበርበሬው ጆንያ ላይ ዘርግታ።

የከፍያለው እጅ ሚዛኑ ላይ ቀረ።

አዲስ አበባ ሳለ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል። ዛሬ ኪኩቦ ገበያ ውስጥ ቅመም ቢሸጥም መምህርነቱ አልለቀቀውም፤ ካምፓላ ያለ አበሻ ሁሉ ፎርም ሲሞላ፣ ማመልከቻ ሲጽፍ «ጋሼ፣ ይቺ ቃል ልክ ናት?» እያለ ይመጣል። እሱም ካርቶን ቀዶ፣ ጽፎ ይሰጣል። ክፍያው ምርቃት ነው።

ይቺ ሴትዮ ግን መርቃው አታውቅም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ መጥታ ስለተሰበረ እግር እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችው። «የማን እግር ነው?» ቢላት «ገና ነው» አለችው። ሰኞ ዕለት ጎረቤቱን ኡዋይስን የቦዳ ሞተር ጥሎት እግሩ ተሰበረ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ከሟች ስም በፊት የሚገባውን ቃል ጠየቀች። በማግስቱ ፊት ለፊት ያሉት ባለሱቅ፣ ሐጂ አብዱልሰላም፣ ሲሰግዱ ሱጁድ ላይ እንዳሉ አረፉ። አጋጣሚ ነው ብሎ ራሱን ሸነገለ። ሰው ራሱን ካልሸነገለ እንዴት ይተኛል!

ዛሬ ግን አንድ ልጁ ኤዶም ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር ሐይቁ ዳር፣ ጋባ ወደብ ናት። በጀልባ ወደ ደሴት ሊሻገሩ ነው።

«ለማን ነው የሚጽፉት?» አላት።

«ገና ነው፣ መምህር።»

ስልኩን አነሳና ደወለ። አትመልስም። ደግሞ ደወለ። ተሸካሚዎች መንገድ ልቀቁ እያሉ በበሩ ያልፋሉ፤ እሱ የሚሰማው ጥሪውን ብቻ ነው። እመቤቴ፣ የዛሬን ብቻ!

«አባዬ! ተሳፍረናል እኮ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ውረጂ!»

«እንዴ?»

«ውረጂ ብያለሁ! ካልወረድሽ አባትሽ አይደለሁም!»

ግርግር ተሰማ፤ የልጆች ሳቅ፣ የውሃ መንቦጫረቅ። ከዚያ የኤዶም ለቅሶ መጣ። «ወረድኩልህ፤ ደስ አለህ? በሰው ፊት አዋረድከኝ!»

ከፍያለው ጆንያው ላይ ዘፍ አለ። ተመስገን! ታልቅስ። ከፈለገች ዓመት ሙሉ ታኩርፍ።

«‹ሳንክ› ነው» አላት ሴትዮዋን፣ ቀና ብሎ። «ለጀልባ ‹ሳንክ› ነው። ይኸው ይጻፉት! ልጄ እንደሆነች ወርዳለች።»

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ቃሉን በጥንቃቄ ጻፈችና ገጹን ገለጠች። በአዲሱ ገጽ ላይ ከአንድ እስከ ሃያ ሰባት ቁጥር ተደርድሯል፤ ከሁሉም ፊት ለፊት የስም ቦታው ባዶ ነው። አንዱን ቁጥር በእስክሪብቶዋ ሰረዘችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ለብዙ ወላጆች አንድ ደብዳቤ ሲጻፍስ፣ አጀማመሩ እንዴት ነው?»

ከፍያለው ስልኩን ጆሮው ላይ መልሶ ለጠፈ። የእነዚያን ልጆች አባቶች በስም ያውቃቸዋል፤ በርበሬ የሚወስዱት ከእሱ ነው።

«ኤዶም! አስቁሚያቸው!»

«እነማንን?»

«ጀልባዋን! ጀልባዋን አስቁሚ!»

«ሄዱ እኮ፣ አባዬ» አለች እንዳኮረፈች። ከኋላዋ የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ነበር፤ ልጆቹ መዝሙር ጀምረዋል።