መብራት እስኪመጣ

ይሻው የመጨረሻዋን ብሎን በካቻቢቴ አጠበቀና ሽቦዋን በጣቱ ጎተት አድርጎ ሞከራት። ንቅንቅ አላለችም። በጣውላ መሰንጠቂያው ማሽን ጎን ሁለት ቁልፎች ተገጥመዋል፤ ማስነሻው አረንጓዴ፣ ማቆሚያው ቀይ። ደብረ ታቦር ከጠዋት ጀምሮ መብራት የላትምና ገና አልተሞከሩም።

«አለቀ፣ ጋሼ ሞላ» አለ ቀና ሳይል። «ከእንግዲህ መብራት ጠፍቶ ቢመጣ ማሽኑ በራሱ አይነሳም። አረንጓዴውን ሰው ካልተጫነው እንደተኛ ይቀራል።»

የጣውላ ቤቱ ባለቤት ሞላ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሩ ላይ ቆሟል። የጉና ብርድ ማንንም ያስከናንባል። የይሻውን ዓይን የሚሸሽበት ምክንያት ግን ብርዱ አልነበረም። የይሻው ታናሽ ወንድም ማሩ ባለፈው ጥር የሞተው እዚህ ማሽን ላይ ነው።

የገደለው የዚህ ቤት ልማድ ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ዞር ብሎ የሚያጠፋ የለም፤ እንደበራ ይተዉታል፤ መብራት ሲመጣ ራሱ ጮኾ ይጠራቸዋል። ያን ቀንም ሞላ እንደበራ ትቶት ምሳ ሊበላ ወጣ። ማሩ በመጋዙ ጥርስ ውስጥ የተሰነቀረ ስንጣሪ ሊያወጣ ጎንበስ ባለበት መብራት መጣ፤ መጋዙ ጋቢውን ይዞ ከነአንገቱ ጎተተው። ሞላ የማሽኑን ጩኸት ምግብ ቤት ሆኖ ሰማና «እሰይ፣ መጣ!» ብሎ ደስ እያለው እጁን ታጠበ። ይህችን ቃል ይሻው ከሰው አፍ ሰምቷታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሽማግሎች ሊያስታርቁ ሲቀመጡ እናቱ እማማ ዝናሽ ካሳ አንፈልግም አሉ። «የቀረው ልጄ የመብራት ሥራ ያውቃል። ለዚያ አውሬ በገዛ እጁ ልጓም ያግባለት፤ ሌላ እናት እንደኔ እንዳትሆን» አሉ። ይሻውም ደም ላይመልስ መስቀል ተሳልሞ ማለ። ሆዱ ግን አልማለም።

ሞላ ጠጋ ብሎ ቁልፎቹን አገላብጦ አያቸው። ቅር ያለው ነገር አለ።

«እንዲያው ይሻው» አለ፣ «ራሱ ካልተነሳ ታዲያ መብራት መምጣቱን በምን እናውቃለን?»

ካቻቢቴው ከይሻው እጅ መቼ እንደወደቀ ይሻው ራሱ አያውቅም። በቡጢ ሲለው የሞላ አፍንጫ ደም ተፋ። ሞላም ቀላል ሰው አልነበረም፤ በጉልበቱ ሆዱን አለውና ተያይዘው ወደቁ፤ የተከመረው የባሕር ዛፍ ጣውላ በላያቸው ተናደ። ይሻው ቀድሞ ተነሳ። ሞላን በጸጉሩ ጎትቶ ማሽኑ ላይ አጋደመው፤ ክርኑን ማጅራቱ ላይ ተክሎ አንገቱን ከመጋዙ ጥርስ ጋር አገናኘው።

«አንተ!» አለው፤ እስከዚያች ደቂቃ በአንቱታ ሲጠራው ኖሮ። «በምን እናውቃለን አልክ? በዚህ ታውቃለህ! እንደ ማሩ ተኝተህ ጠብቀው!»

«ስለ እመብርሃን! ይሻው! መስቀል ተሳልመህ የለም ወይ!»

«ማሩስ? ስለ እመብርሃን የሚልበት ጊዜ ሰጥተኸዋል?»

«አውቄ አይዶለም! ኧረ አውቄ አይዶለም!»

ይሻው ክርኑን አጠበቀ። አንደኛው ጥርስ ቆዳውን በስቶ ገባ፤ ደሙ በብረቱ ላይ ወርዶ ሰጋቱራው ውስጥ ሰመጠ።

የገጠመውን ቁልፍ ረሳው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ረሳው። ከማሩ ሞት ወዲህ ያን ማሽን በሕልሙም በውኑም በራሱ ሲነሳ እንጂ ተኝቶ አይቶት አያውቅም። አሁንም እንዲነሳ ፈለገ። ጸለየም፤ እንዲህ ላለው ጸሎት የየትኛውን ቅዱስ ስም እንደሚጠራ ጠፋው እንጂ ከልቡ ጸለየ።

መጣ።

ከራሳቸው በላይ አምፖሉ ቦግ አለ። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮው አጓርቶ ተነሳ፤ የሰፈሩ ልጆች «መብራት መጣ!» እያሉ ጮኹ። ሞላ እንደሚታረድ በግ አንዴ ተንፈራገጠና ደረቀ። ይሻው ዓይኑን ጨፈነ።

መጋዙ አልተነሳም።

ዓይኑን ሲገልጥ ጥርሶቹ እንደቆሙ ናቸው። በአንዱ ላይ ከሞላ ጋቢ የተመዘዘ ክር ተንጠልጥሎ፣ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ከጎን፣ ማንም ያልተጫነው አረንጓዴ ቁልፍ። ያን ጊዜ ገባው። የገዛ እጁ ሥራ እንቢ ብሎታል።

ክርኑ ላላ። ወደኋላ ሄደና የተናደው ጣውላ ላይ ዘጭ አለ። በማሩ ቀብር ላይ እንቢ ያለው እንባ አሁን ያለ ልክ ወረደ። ለካ ይህችን ታህል ነገር ነበረች! ሁለት ቁልፍና ጥቂት ሽቦ፣ የግማሽ ቀን ሥራ።

ሞላ መትረፉን ለማመን ጊዜ ወሰደበት። አንገቱን በመዳፉ ዳበሰ፣ ደሙን አየ፣ ከዚያ ራሱን ከብረቱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ጉንጩ ላይ ሰጋቱራ ተለጥፏል። ይሻው ዓይኑን ከእሱ ላይ ሊነቅል አልቻለም። ያን ቀን ይህች ቁልፍ ብትኖር ማሩም እንዲሁ፣ ሰጋቱራውን ከጉንጩ ላይ እየጠረገ፣ ቀና ብሎ ይነሳ ነበር።