አቶ ልተወው

መምህርቷ ትምህርት የማቋረጫውን ቅጽ ለሦስተኛ ጊዜ የከፈተችው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነበር። ኮምፒውተሩ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከቤቱ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ጋ ብቻ ነው። ስሟን ሞላች። የመለያ ቁጥሯን ሞላች። «ምክንያት» የሚለው ጋ ስትደርስ እጇን አነሳች።

ምን ተብሎ ይጻፋል? ሃያ ሁለት ዓመት ጠመኔ ይዛ የኖረች ሴት፣ በዲጂታል ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ልያዝ ብላ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ሦስተኛ ከወደቀች ከዩኒቨርሲቲው ትሰናበታለች። ርእሰ መምህሩ ደግሞ ቁርጡን ነግረዋታል፤ ትምህርት ቤቱ ወደ ኮምፒውተር ሊዞር ስለሆነ ያለዚህ ዲግሪ ክፍል መግባት የለም። ቦታዋ መዝገብ ቤት ይሆናል። ከልጆች ተለይቶ ከፋይል ጋር መዋል ለእሷ በቁም መቀበር ነው።

በወደቀችበት ወረቀት ግርጌ የተጻፈው አስተያየት ከአእምሮዋ አልጠፋ ብሏል፦ «መሣሪያውን በሚገባ ገልጸሻል። ልጁ እንዴት እንደሚማርበት ግን አላሳየሽም።» ሃምሳ ጊዜ አንብባዋለች። አልገባትም።

ስልኩ ጮኸ።

«እህቴ፣ እኔ ልተወው ነው» አለ ከወዲያ ያለው ድምፅ። «በቃኝ። ይሄ ትምህርት ለእኔ ቢጤ አይደለም።»

የክፍል ጓደኛዋ ነው። የሚማሩት በርቀት ስለሆነ ፊቱን አይታው አታውቅም፤ ካሜራዬ ተበላሽቷል ይላል። መጀመሪያ የደወለላት በወደቀች ማግስት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ልተወው ነው ያላለበት ሳምንት የለም። አናጺው ባሏ «አቶ ልተወው» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

«ተው እንጂ ወንድሜ» አለች። «ምኑ ነው የከበደህ?»

«ልጁ ምን ይማርበታል የሚሉት ነገር። ቪዲዮውን ካሳየሁት በቃ ተማረ አይደል?»

«ማየት መማር ቢሆንማ ባሌ ይሄኔ ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነበር፤ ኳስ ሲያይ ነው የኖረው!»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ከሳቀች ሰንብታ ነበር። ከዚያ የክፍልፋይን ትምህርት ምሳሌ አድርጋ ታስረዳው ጀመር። «አልገባኝም፤ እስቲ ከመጀመሪያው» አላት። ደገመችለት። «አሁንም አልገባኝም።» ሦስተኛ ጊዜ ስታስረዳ መሀል ላይ ቆም አለች፤ የተሳሳተችው ራሷ ናት። ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለችው። ስልኩን ስትዘጋ ቅጹ ጊዜው አልፎ ከስክሪኑ ላይ ጠፍቷል።

ባሏ ሰጋቱራውን እያራገፈ ገባ። «አቶ ልተወው ነበር?»

«ሊተወው ነው።»

«እሱስ አይተወውም! አንቺን ምርኩዝ አድርጎ ይመረቃል፣ አንቺ ትቀሪያለሽ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲሉ አንቺን ነው።»

እውነቱን ነው። ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ልተወው ያላትን አንድም ልጅ እሺ ብላ ሸኝታ አታውቅም፤ አሁን ከየት ትልመደው?

የመጨረሻውን ሥራዋን ጥርሷን ነክሳ ጻፈችው። ልጆች ክፍልፋይን በስልክ የድምፅ መልእክት እርስ በርሳቸው የሚያስረዳዱበት ትምህርት ነው። ማስረከቢያው ዓርብ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ቃሉ ሁሉ ገለባ ሆነባት። ይህንን አስረክቦ ከመባረር በገዛ እጅ መውጣት ይሻላል ብላ ቅጹን ከፈተች። ስሟን ጽፋ ሳትጨርስ ስልኩ ጮኸ።

«አንድ መስመር አልጻፍኩም» አለ አቶ ልተወው። ድምፁ ተሰብሯል። «ደህና ሁኚ ልልሽ ነው የደወልኩት።»

ደነገጠች። ደንቡን ታውቃለች፤ የገለበጠም ያስገለበጠም እኩል ይባረራሉ። «የእኔን ልላክልህ» አለች። «እየው። ብቻ ተስፋ አትቁረጥ።»

«ይጎዳሻል እኮ» አለ።

«የባሰ ምን ሊመጣ?» ብላ ላከችው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ደወለ። «ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አስረጂው ልጅ ራሱ ሲሳሳት ማን ያርመዋል?»

ይህን አላሰበችበትም። ቀኑን ሙሉ ስትሰርዝ ስትደልዝ ዋለች፤ ዓርብ ጠዋት አስረከበች። ከዚያ ወዲያ የሰውዬው ድምፅ ጠፋ።

በሁለተኛው ሳምንት መልእክት መጣላት፦ «ስለ መጨረሻው ሥራሽ ለመነጋገር የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ቢሮ ቅረቢ።»

«አላልኩሽም?» አለ ባሏ፤ ወዲያው ግን አሳዘነችውና ኮቷን ራሱ አቀበላት። ወደ አቶ ልተወው ደጋግማ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው።

ቢሮው ደረሰች። ኃላፊዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ወረቀቷን ፊታቸው ዘርግተው ጠበቋት። ሳትቀመጥ ተናገረች።

«የሰጠሁት እኔ ነኝ። ገልብጦም ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔን አሰናብቱኝ፤ እሱን ግን አትንኩት። በትንሽ ነገር የሚሰበር ሰው ነው፤ ካባረራችሁት ምን እንደሚያደርግ እግዜር ይወቀው።»

«ማን ነው እሱ?»

ስሙን በቅጡ እንኳ አታውቀውም። ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን አሳየቻቸው። ኃላፊዋ ቁጥሩን አዩት፤ መነጽራቸውንም አወለቁ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። «ሥራሽ አልፏል። የጠራሁሽ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንድናካፍለው ፈቃድሽን ልጠይቅ ነው።»

ሰማች፤ ግን ልቧ እዚያ አልነበረም። «እሱስ? እሱ አለፈ?»

«እሱን ካስመረቅነው ሦስት ዓመት አለፈው፤ አሁን ደመወዝ የምንከፍለው ሊያቋርጡ የደረሱ ተማሪዎችን እንዲያስቀርልን ነው።»