ኮሽ ሳይል

ብረቱ ከመሬት ሲነሳ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ክብደት አንሺዎች የሚወዳደሩበት አዳራሽ ውሃ ውስጥ የገባ ያህል ጸጥ አለ። ልጅቷ መቶ ኪሎውን ጭኗ ላይ አድርሳ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ዓይኖቿ ሩቅ ያለ ደስ የሚል ነገር እንዳዩ ሁሉ ፈዘዋል። ዳኛው "አውርጂ!" ብሎ እጁን ዝቅ አደረገ። እሷ ግን አላወረደችም።

እናቷ ከተመልካቹ መሃል ሳይታወቃት ብድግ ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ልጇ ብርጭቆ ባነሳች ቁጥር "አምጪ የኔ ልጅ፣ ትሰብሪዋለሽ" እያለች የምትቀበልባቸው እጆች ናቸው።

ልጅቷ አየቻትና ሳቀች። "ቆይ እማዬ፣ እኔው አስቀምጠዋለሁ።" ጎንበስ ብላ ብረቱን ያንቀላፋ ሕፃን እንደሚያስተኙ ወለሉ ላይ አሳረፈችው፤ ኮሽ አላለም። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ የእናቷ እጆች ብቻ ባዶ ሆነው አየር ላይ ቀሩ።