ቆጣሪው ወንበር

በቀን ሃያ ጊዜ ከወንበሩ ያልተነሣ ሽማግሌ ወደ መጦሪያ ይወሰድ ከተባለ ወዲህ፣ ስንዱ ሰው ማመን ትታለች። አባቷ አልጋ ከያዙ ሦስት ቀናቸው ነው፤ ቆጣሪው ወንበራቸው ግን በየቀኑ ሃያ ይመዘግባል። ጎረቤታቸው ጋሽ ደምሰው ደግሞ መመላለስ አብዝተዋል። ሰላይ ይሆኑ?

አንድ ጠዋት ሳታንኳኳ ገባች። ጋሽ ደምሰው ጉልበታቸውን ይዘው ከአባቷ ወንበር ተነሡ።

“ኖር!”

“እዚህ ምን ያደርጋሉ?”

“አሥራ ሁለት” አሉ እያለከለኩ።

“ዕድሜ ልኩን ተነሥቶልኝ አያውቅም” አሉ አባቷ ከአልጋቸው። “አሁን ካሰኝ።”

ስንዱ ጋሽ ደምሰውን አሳርፋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስምንት ጊዜ ወደ አልጋው ዞራ “ኖር” እያለች ተነሣች። አባቷም ስምንቴ “በእግዜር” አሏት፤ የመጨረሻውን ግን ከከንፈራቸው ላይ አነበበችው እንጂ አልሰማችውም።