አልሸፍንም ያለው ፀጉር

ባሏ ጥርሱን ነክሶ የግንባሯን ፀጉር በጋለው መተኮሻ ፒያስትራ ቆንጥጦ ወደ ታች ጎተተው። ትናንት በቡጢ ያበለዘውን ግንባሯን እንዲሸፍንለት ብሎ ጠዋት ራሱ ነበር ወደ ፊት አበጥሮ ያሳጠረላት። የወንዶች ፀጉር አስተካካይ ነውና እጁን አምኖ እርጥቡን ከረከመው፤ ሲደርቅ ግን ተጠቅልሎ ሽቅብ ወጣና ጠቁሮ ያበጠው ሁሉ ተጋለጠ። "እንዳንቺው ግትር!" ብሎ እንደገና ሲጎትተው ብረቱ ግንባሯን ለበለባት።

"ቤቶች!" አለ ከውጭ የታላቅ ወንድሟ ድምፅ።

"መጣን ጋሼ!" አለ ባሏ፣ አንደበቱ ማር ሆኖ። ወዲያው ጆሮዋ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ "በር መታኝ በይ። ገመናችንን ብታወጪ እገልሻለሁ!" አላት።

ከመስታወቱ ሥር መቀሱን አነሳች። እሱ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ አንገቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እንዲህ ሲፈራ አይታው አታውቅም። አንገቱን ግን አልፈለገችውም። ያን የግንባር ፀጉር በጭብጧ ሰብስባ ከሥሩ ሸለተችና ጫማው ላይ ጣለችለት። ከዚያ ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

"ወንድም ጋሼ፣" አለች፤ "ፊቴን በደንብ እየው።"